ተራራው የጠፋበት ሥዕል

ትናንሽ ወታደሮችን እየቀቡ፣ ከፎምና ከጄሶ ተራራ እየሠሩ በጠረጴዛ ላይ ጦር ሜዳ መዘርጋት የጠገበ ፈረንጅ ጨዋታ ነው ይባላል። ዲዮራማ ይሉታል። በራያዋ ከተማ በቆቦ አንድ ጎልማሳ ቁጭ ብሎ የካርቶን ጎጆ ሲቀባ ቢታይ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ሥራ ፈት። ትንሽ ያነበበ ተቺ ደግሞ ሦስት ክስ ይጨምርበታል፦ ባህላችን አይደለም፣ የልጅ ነገር ነው፣ ታሪክን ማቃለል ነው። ሦስቱም አይረቡም። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይብሳል፤ ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው። የአድዋን ታሪክ ካቃለሉት ነገሮች አንዱ ተራሮቹን ከነሸለቋቸው የሚያሳየን እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ማጣታችን ነው።

«ባህላችን አይደለም» የሚል ሰው ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይይ። ዝናቡ ሲያባራ ልጁ ዋልካውን ያቦካል። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ስለሚያውቅ አሸዋ ወይም አመድ ጣል ያደርግበታል። በሬው ሻኛ አለው፤ ቀንዱ የግራር እሾህ ነው። ቀንበሩና የቤቱ ምሰሶ ከማሽላ አገዳ ይወጣሉ፤ ቅርፊቱ ተልጦ ማሰሪያ፣ ነጩ ውስጡ መሰኪያ ይሆናል። ልብ መባል ያለበት ግን መሬቱ ነው። ልጁ በሬዎቹን በባዶ ሜዳ አያቆምም። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ወደ እርሻ እንዴት እንደሚጠለፍ ከአባቱ አይቷልና መጀመሪያ ተዳፋቱን ያበጃል፣ በጣቱ ቦይ ይቀዳል፣ በጠጠር ይገድባል፣ ከዚያ ውሃ ያፈስበታል። ውሃው አልታዘዝ ካለ አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ለንደን ያለ ባለሙያ በውድ ኬሚካል ወንዝ ያስመስላል፤ የቆቦው ልጅ ወንዝ ይፈስሳል።

«የልጅ ነገር» የሚለው ተቺ ደግሞ መኳንንቶቻችንን መጠየቅ ነበረበት። ሰንጠረዥ፣ የኛው ቼዝ፣ በቤተ መንግሥትና በመሳፍንት ግቢ የሚዘወተር ጨዋታ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በጻፈው ጥናት እንደዘረዘረው፣ የኛ ሰንጠረዥ የሚጀምረው ወረራ በሚባል ምዕራፍ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ፣ ጦራቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ጠላትህ አንተን ቆሞ እንደማይጠብቅ የሚያስተምር ጨዋታ ነው፤ በዚህ በኩል ዓለም ከሚጫወተው ቼዝ ይልቅ ለጦርነት የቀረበ ይመስለኛል። የፕሩሲያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የጠረጴዛ ላይ ጦርነትን ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ሲያደርገው የልጅ ነገር ነው ብሎ የሳቀ ሰው ሳቁ ብዙ አልቆየለትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የአድዋን ሥዕል የማያውቅ የለም። በግራ የኛ ጦር፣ በቀኝ ጣሊያን። የኛዎቹ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ጠላት በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ምኒልክ በጥላ ሥር፣ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ ጦሩን ወርውሮ። መድፍ ያጓራል፣ የተቆረጠ እጅና እግር ከታች ተበትኗል። ይህን ሥዕል ብዙ ሰው እንደ የዋህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየዋል። እኔ ግን ዲዮራማ ሆኖ ይታየኛል። ሠዓሊው ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ይመለከታል፤ የኋለኛውን ሰልፍ ከፊተኛው በላይ ይደረድራል፤ መቶ ሺህ የሚገመተውን ጦር በጥቂት ፊቶች ይወክላል። የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ተጫዋቾች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። አንድ ወታደር ወደ 28 ሚሊሜትር ቁመት ካለው፣ መሬቱም በዚያው ልክ ይሠራ ከተባለ 6 ኪሎ ሜትር ሜዳ 100 ሜትር ያህል ጠረጴዛ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት መለኪያ ይይዛሉ፤ ለሰው አንድ፣ ለመሬት ሌላ፤ አንዱ ቅርጽ ሃምሳ ወይም መቶ ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ሠዓሊዎቻችን ይህን ችግር ከፈረንጅ ሳይማሩ ፈትተውታል።

አንድ ነገር ግን ጣሉ። መሬቱን።

በአብዛኞቹ የአድዋ ሥዕሎች ሁለቱ ጦሮች እንደ ደብተር ገጽ በተዘረጋ መደብ ላይ ይፋጠጣሉ። ብልጭ የሚል ኮረብታ ቢኖር እንኳ ለጌጥ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ግን እንዲህ አልነበረም። የጣሊያኑ አዛዥ ባራቲዬሪ ወደ 17,700 የሚጠጋ ጦሩን ይዞ ሳውሪያ ከሚባለው ሰፈሩ በሌሊት ሲነሳ በእጁ የያዘው የመሬቱ ንድፍ የተሳሳተ ነበር። በንድፉ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታ አንድ ነው፣ የአገሩ ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ሌላ፤ ሁለተኛው ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ነው። በግራ ክንፍ አስካሪ የሚባለውን የቅኝ ግዛት ወታደር ይመራ የነበረው ጄኔራል አልበርቶኔ የታዘዘበት ቦታ ሲደርስ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ቦታ ገና ነው አሉት፤ እሱም ቀጠለ። ሲነጋ ከወገኖቹ ተነጥሎ ብቻውን በምኒልክ ጦር ፊት ነበር። አልበርቶኔን ያግዝ ዘንድ የተላከው ጄኔራል ዳቦርሚዳ በተራሮቹ መካከል ወደ ቀኝ አዘንብሎ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ገባ፤ ሌላው ጄኔራል አሪሞንዲ በመካከል ቀረ። በሌሊቱ መጀመሪያ እርስ በርሱ ሊደጋገፍ የታሰበው ጦር ጠዋት ላይ ተራራ የለያየው ሦስት ጦር ሆኖ ተገኘ። ዳቦርሚዳና አሪሞንዲ ሞቱ፣ አልበርቶኔ ተማረከ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በሥዕሉ ላይ ምን አለ? የኛ ጀግንነት አለ፤ ይህ እውነት ነው። ጀግንነቱ የት ቆሞ፣ በየትኛው ሸለቆ ገብቶ፣ የትኛውን ጦር ከየትኛው ቆርጦ እንደሠራ ግን የለም። ሥዕሉን ያየ ልጅ ጣሊያን የተሸነፈው ስለበዛን ወይም ቅዱስ ጊዮርጊስ ስለወረደ ይመስለዋል እንጂ የምኒልክ መኳንንት በመካከሉ የተከፈተውን ክፍተት አይተው ስለገቡበት እንደሆነ አያውቅም። በጠረጴዛ ላይ ግን ይህን መደበቅ አይቻልም። ኮረብታውን ካልሠራህ አልበርቶኔን የምታቆምበት የለህም። ኮረብታውን ከሠራህ ደግሞ ዳቦርሚዳ ከሱ ጋር እንደማይተያይ ዝቅ ብለህ፣ ዓይንህን ከትንሹ ወታደር ራስ ጋር አስተካክለህ ስታይ ራስህ ታገኘዋለህ። አስተማሪ ሊነግርህ አያስፈልገውም።

ጠረጴዛ ሊዋሽ አይችልም አላልኩም፤ ሲዋሽ ግን ውሸቱ በግልጽ ይታያል። እንግሊዛዊው መኮንን ዊልያም ሳይቦርን ዋተርሉን ለመሥራት ወራት በጦር ሜዳው ላይ ተቀምጦ መሬቱን ለካ፤ እ.ኤ.አ. በ1838 ከ70,000 በላይ ትናንሽ የብረት ወታደሮች የቆሙበት ሥራው ለሕዝብ ታየ። ጠብ የተነሳው የእንግሊዝ አጋር የነበሩትን የፕሩሲያን ወታደሮች ባቆመበት ቦታ ነው። የእንግሊዙ አዛዥ ዌሊንግተንና ዙሪያው ያሉ መኮንኖች ድሉን ከማንም ጋር መጋራት አልወደዱም ነበር። በንግግር ውስጥ «አጋሮቻችንም ረድተውናል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። በጠረጴዛ ላይ ግን በስንት ሰዓት፣ ከየት በኩል፣ ስንት ሆነው እንደመጡ መቁረጥ ግድ ነው። አንድ ክፍለ ጦር ሁለት ቦታ አይቆምም።

ውድ ነው የሚለው ክርክር ብዙ አያስደክመኝም። ከውጭ የሚመጣ የፋብሪካ ቅርጽ ውድ ነው፤ የሚያስፈልገን ግን እሱ አይደለም። ቴሌቪዥን የታሸገበት ነጭ ፎም ይጣላል፤ ተራራው ከዚያ ይወጣል። በቢላ ደረጃ ደረጃ ተቆርጦ ከተደራረበ በኋላ ጄሶ በኮላ ተበጥብጦ ይለበጥበታል፤ ሳይደርቅ የወንዝ አሸዋ ይነሰነስበታል። (በቲነር የቀጠነ ቀለም በቀጥታ ፎም ላይ ያሳረፈ ሰው ተራራው ዓይኑ እያየ ሲቀልጥ ይመለከታል፤ ጄሶው መጀመሪያ የሚለበጠው ለዚህ ነው።) ሲደርቅ ጠቆር ባለ ቡኒ ይቀባል። ከዚያ ብሩሹ ፈዛዛ ቢጫ ይነከርና ቀለሙ አልቆ እስኪመስል በጨርቅ ላይ ይጠረጋል፤ በቀረችው ሽታ የድንጋዩ ጫፍ ጫፍ ብቻ ይዳበሳል። ብርሃኑ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሞቶ የነበረው ጄሶ ድንጋይ ይሆናል። ሰጋቱራ ቀለም ጠጥቶ ሣር ይሆናል። ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆነው የቢራ ቆርኪ ለአንድ ወታደር መቆሚያ ይበቃል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ቀለም መምረጥ ነው። የካቲት ላይ አድዋ የደረቀ፣ ማሳው የታጨደ አገር ነው፤ ጦርነቱን በአረንጓዴ መስክ ላይ የዘረጋ ሰው የቱንም ያህል ይካን፣ ያንን ቀን አላየውም። ይህን ደግሞ ከውጭ መጽሔት አይማሩትም። የቆላውን አፈር በጥቅምትና በግንቦት ለይቶ የሚያውቅ ዓይን ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ዓይን በቆቦ ሞልቷል።

ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ይህን የሚያነሳውን ሰው አከብረዋለሁ፣ ክርክሩን ግን አልቀበልም። ቆቦ ጦርነትን በወሬ የምታውቅ ከተማ አይደለችም፤ ከ2013 ወዲህ ያየችውን እዚህ መዘርዘር አያሻም። ታዲያ በቆሰለ አገር ጦርነትን መጫወቻ ማድረግ ነውር አይደለም ወይ? ነውሩ ያለው ፉከራው ላይ ነው። የትናንሽ ጦርነቶችን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1913 በመጽሐፍ ያወጣው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ራሱ ከጨዋታው ተነስቶ የደረሰበት ድምዳሜ እውነተኛው ጦርነት ጅልነት ነው የሚል ነበር። ወታደሩን አንድ በአንድ በእጁ የቀባ ሰው «አንድ ሺህ ደመሰስን» ብሎ በቀላሉ አይናገርም።

ስለዚህ ከቆቦ ምን እንጠብቅ? በኔ እምነት የመጀመሪያው ጠረጴዛ አድዋ ሳይሆን ማይጨው ይሁን፤ በቆቦ ትምህርት ቤት ይሠራ። አላማጣን፣ ኮረምንና አሸንጌን አልፎ ያለ የጎረቤት ተራራ ነውና ሄዶ ማየት፣ መለካት ይቻላል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ንጋት ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በመኻን በኩል በተራራ ላይ የመሸገውን ጣሊያን ሽቅብ ገጠመ። ጥቃቱ ለቀናት ዘግይቶ ስለነበር ጠላት ምሽጉን አጠናክሯል። ራስ ካሣ፣ ራስ ሥዩም፣ ራስ ጌታቸው አባተ፣ ክብር ዘበኛውም ሳይቀር ወጡ። «በአውሮፕላንና በመርዝ ተሸነፍን» የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እውነትም ነው። መርዙና ቦምቡ ግን እጅግ የከፋው ከውጊያው በኋላ፣ የሚያፈገፍገው ጦር አሸንጌ አጠገብ ሲደርስ ነው። በማይጨው ቀን ስለ ቁልቁለቱና ስለ ሽቅቡ የሚናገር ሰው የለም። ያንን ዳገት በእጁ ያልሠራ፣ ወይም በእግሩ ያልወጣ ሰው ስለ ማይጨው ባያስተምር ይሻላል እስከ ማለት እደርሳለሁ።

ቆቦዎች ይህን ጠረጴዛ ቢሠሩ አዲስ አበባ ላይ ሊሠራ ከሚችለው የሚለይበት ምክንያት አለ፤ ነገሩ የራሳቸውን የራያን ታሪክ ይነካል። የሚያፈገፍገውን ጦር ከየከፍታው ከወጉት መካከል ጣሊያን መሣሪያና ገንዘብ የሰጣቸው የራያና የአዘቦ ተዋጊዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት በ1920ዎቹ መግቢያ ማዕከላዊው መንግሥት በራያ ላይ ያካሄደው ዘመቻ ቂም ጥሏል። በመጽሐፍ ውስጥ ይህ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ አንዱ ከሃዲ ይላቸዋል፣ ሌላው ስማቸውን አያነሳም። የጠረጴዛው ሠሪ ግን አሸንጌን የግድ ይሠራል፤ ለሱ ሁለተኛ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፣ አንዱ አይበቃምና። እነዚያን ሰዎች የት ኮረብታ ላይ እንደሚያቆማቸው፣ ስንት አድርጎ እንደሚቆጥራቸው፣ በትከሻቸው የያዙት ጠመንጃ የማን እንደሆነ ሳይወስን ሥራው አያልቅም። ፊታቸውንም መቀባት አለበት፤ ለክብር ዘበኛው በቀባበት ብሩሽ፣ በዚያው ጥንቃቄ፣ ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ።