የጨዋታ መሣሪያ ዋጋው ሲቀንስ አብሮ የቀነሰውን ነገር ስለ መመርመር

ገበያ የወጣ ሰው የዕቃ ዋጋ መርከሱን በሰማ ጊዜ ልቡ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን አስተዋይ የሆነ የቤት አስተዳዳሪ ደስ ከመሰኘቱ በፊት ምክንያቱን ይጠይቃል። እህል የረከሰው አዝመራው ስለ ሰመረ የሆነ እንደ ሆነ መልካም ነው፤ ነቀዝ ስለ ገባበት የሆነ እንደ ሆነ ግን ርካሽነቱ ኪሳራ ነው። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንነጋገርበት ነገር ከእህል የራቀ ቢመስልም የአመራመሩ መንገድ አንድ ነው። ይኸውም ከቴሌቪዥን ጋራ ተገጥሞ ልጆች የሚጫወቱበት የቪዲዮ ጌም መሣሪያ፥ ሠሪው መልኩን ለውጦ ዋጋውንም ቀንሶ እንደ ገና ባወጣው ጊዜ፥ ቤተ ሰብ ይግዛው ወይስ ይተወው የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። የመሣሪያው ዋጋ ለብዙው ቤት ከወር አስቤዛ የሚበልጥ ነው። ደግሞም በአዲስ አበባ ልጆች በየሰፈሩ ወዳለው ፕሌይስቴሽን ቤት እየሄዱ፥ በጨዋታ ልክ እየከፈሉ እንደሚጫወቱ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አባትና እናት መሣሪያውን ወደ ቤት ለማስገባት የሚያስቡት ብዙ ጊዜ ልጁ ከዐይናቸው እንዳይርቅ ብለው ነው። በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር የሚኖር ዘመድም «ምን ላምጣላችሁ» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ልጁ አስቀድሞ የሚጠራው ይህንኑ ነው። እንግዲህ የተገዛው ዕቃ ለቤቱ የማይስማማ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ ይባክናል፤ ልጁም አዝኖ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ የሶኒ ኩባንያ የሠራውን ፕሌይስቴሽን 3 እናነሣለን፤ ዓመቶቹንም ሁሉ የጻፍናቸው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ይህ መሣሪያ በአሜሪካ በኖቬምበር 2006 በተሸጠ ጊዜ 20 ጊጋባይት የሚይዘው 499 ዶላር፥ 60 ጊጋባይት የሚይዘው ደግሞ 599 ዶላር ነበር። ክብደቱ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ፥ ግዙፍና ብዙ መብራት የሚፈጅ ነበር። በሴፕቴምበር 2009 ግን ኩባንያው ቀጭኑን ዐይነት በ299 ዶላር አወጣ። ይህኛው 120 ጊጋባይት የሚይዝ፥ ግዝፈቱም ሆነ የሚፈጀው መብራት ከፊተኛው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ የሆነ፥ ክብደቱም 3 ኪሎ ከጥቂት ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ዋጋው በግማሽ ወርዶ ማኖሪያው በእጥፍ ሲጨምር ማየት፥ የገዢን ልብ ማነሣሣቱ የማይቀር ነው።

ዋጋው የወረደበት የመጀመሪያው ምክንያት እንደ ሰመረ አዝመራ የሚቈጠር ነው። የመሣሪያው አእምሮ የሆነው ቺፕ በፊት በ90 ናኖሜትር ልክ ይሠራ የነበረው፥ በቀጭኑ ውስጥ በ45 ናኖሜትር ልክ ተሠራ። ናኖሜትር ማለት አንዱ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል አንዱ ክፍል ነው። ቺፑ ሲያንስ ከአንድ ገበታ ላይ የሚቈረጠው ቺፕ ቍጥሩ ይበዛል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። ሙቀቱ ሲቀንስ ማቀዝቀዣው ማራገቢያና ኃይል አከፋፋዩ ክፍል ያንሳሉ፤ ሣጥኑም ይቀላል፤ የማጓጓዣውም ኪራይ ይቀንሳል። አይሰፕላይ የተባለው የአሜሪካ መርማሪ ድርጅት ባለ 60 ጊጋባይቱን በ2006 ፈትቶ ሲገምተው የተሠራበት ወጪ 840 ዶላር ያህል ሆኖ አገኘው፤ ቀጭኑን በ2009 ሲገምተው ግን 336 ዶላር ያህል ብቻ ሆነ። እንግዲህ የመጀመሪያው በ599 ዶላር ሲሸጥ ኩባንያው ይከስር ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቅነሳ ከሠሪው ወጪ የተቀነሰ እንጂ ከገዢው ጥቅም የተቀነሰ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ጠለቅ ያለ ምርመራ የሚሻ ነው፤ ምክንያቱም ከመሣሪያው ችሎታ ላይ የተነሣ ነገር አለበትና። በ2006 በአሜሪካ የተሸጠው የቀድሞውን የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ያጫውት ነበር፤ ይህ ችሎታ ከ2007 ጀምሮ ከወጡት ከአንዳንዶቹ እየተነሣ ሄዶ በቀጭኑም ውስጥ ሳይገኝ ቀረ። በፊተኛው ላይ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዐት መጫን ይቻል ነበር፤ በቀጭኑ ግን ተከለከለ። ኳስ ለሚጫወት ልጅ ይህ ምንም አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል ግን በ2010 ወደ 1,760 የሚሆኑ ፕሌይስቴሽን 3 መሣሪያዎችን አያይዞ ታላቅ የስሌት ኮምፒውተር ሠርቶባቸዋልና፥ እንደዚህ ላለው ተጠቃሚ ይህች የተነሣች ነገር ዋናዋ ነበረች። በኤፕሪል 2010 ደግሞ ኩባንያው ባወጣው የሶፍትዌር ማደሻ ይህንኑ ችሎታ ከፊተኞቹም መሣሪያዎች አነሣው። ከዚህ የምንማረው፥ የተነሣው ነገር ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ ብሎ የሚፈርደው ሻጩ ሳይሆን የገዢው ቤት መሆኑን ነው።

ይህንኑ የሚያስረዱ ሌሎች ምሳሌዎችም አሉ። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በዲሴምበር 2012 ዊ ሚኒ የሚባለውን ትንሽ መሣሪያ በካናዳ በ100 የካናዳ ዶላር ገደማ ሲያወጣ፥ ከኢንተርኔት ጋራ የሚያገናኘውን ነገር ፈጽሞ አስወጥቶ ነበር። ዲስክ እየገዛ ብቻ ለሚጫወት ቤት ይህ ጕዳት አልነበረውም። ማይክሮሶፍት ግን በ2019 በ249 ዶላር ያወጣው የኤክስቦክስ ዐይነት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዲስክ የሚገባበት አፍ የለውም፥ ጨዋታው ሁሉ የሚመጣው በኢንተርኔት ነው። ሶኒም በኖቬምበር 2023 ፕሌይስቴሽን 5ን አሳንሶ ሲያወጣ የዲስኩን ክፍል ተነቃይ አድርጎ ለብቻው በ80 ዶላር ገደማ ሸጠው፤ ዲስክ የሌለውም ዐይነት በአሜሪካ ከ400 ዶላር ወደ 450 ዶላር ገደማ ወጣ። ስለዚህ መልኩ ያነሰ ሁሉ ዋጋው አንሷል ብሎ ማመን አይገባም።

በእኛ አገር ላለ ቤተ ሰብ ከሁሉ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው የዲስኩ ነገር ነው። ዲስክ ያለው ልጅ ተጫውቶ የጠገበውን ለጎረቤት ልጅ ያውሳል፥ በሌላ ይለውጣል፥ ሲያስፈልግም ይሸጣል፤ ያገለገለ ዲስክም በአነስተኛ ዋጋ ይገዛል። ዲስክ በማይቀበል መሣሪያ ግን ይህ ሁሉ የለም። አንድ የዘመኑ ጨዋታ ብዙ አሥር ጊጋባይት ስለሚመዝን፥ ኢንተርኔትን በስልክ ካርድ ለሚከፍል ቤት ማውረዱ ራሱ ሌላ ዋጋ ነው፤ መስመሩም በመካከል ሲቋረጥ ጨዋታው «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የተባለውን ይመስላል። ደግሞ የኢንተርኔቱ መደብር ለዘላለም የሚኖር አይደለም፤ የዊ መደብር በጃንዋሪ 2019፥ የኤክስቦክስ 360 መደብር በጁላይ 2024 ተዘግተዋልና ከዚያ ወዲያ በእነርሱ በኩል አዲስ ጨዋታ መግዛት አልተቻለም። በእጅ ያለ ዲስክ ግን መደብሩ ቢዘጋም በቤት ይቀራል።

አሁን ደግሞ ስለ መጠበቅ እንናገር። አዲስ መሣሪያ እንደ ወጣ የሚገዛ ሰው ዋጋውን አብዝቶ ከመክፈሉ በላይ የአሠራሩን ጕድለት ፈታኝ ይሆናል። በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 እየሞቀ ብዙ ስለ ተበላሸ፥ ማይክሮሶፍት በጁላይ 2007 የዋስትናውን ጊዜ ለዚህ ብልሽት ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ፥ ለዚሁ ወጪ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። በአሠራሩ የታደሰው ዐይነት የወጣው በ2010 ነው። ስለዚህ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለዚህም ይስማማል። ነገር ግን የመጠበቅም ዋጋ አለው። በ2006 የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረ፥ ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኗል። ሦስት መቶ ዶላር ተርፏል፤ ሦስት የልጅነት ዓመትም አልፏል። ልጅነት እንደ ዕቃ ዋጋው እስኪወርድ ተቀምጦ አይጠብቅም። እንግዲህ መጠበቅ የሚገባው፥ በመካከሉ ልጁን በሌላ መልካም ጨዋታ፥ በመጽሐፍም ሆነ በኳስ፥ የሚያቈይ ቤት ነው እንጂ፥ «ነገ ይረክሳል» እያለ ዓመት በዓመት የሚያሳልፍ ቤት አይደለም።

በቅሎ የሚገዛ ሰው የበቅሎዋን ዋጋ ብቻ አይቈጥርም፤ ኮርቻውን፥ ልጓሙን፥ የዓመት ገብሷንም አብሮ ይቈጥራል። የጨዋታ መሣሪያም እንዲሁ ነው። በፕሌይስቴሽን 3 ዘመን አዲስ ጨዋታ በአሜሪካ 60 ዶላር ያህል ነበርና፥ አምስት ጨዋታ የገዛ ሰው ቀጭኑን መሣሪያ እንደ ገና የገዛ ያህል ከፍሏል። ሠሪውም መሣሪያውን በኪሳራ ሲሸጥ ተስፋ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወንድምና እህት አብረው እንዲጫወቱ ሁለተኛ ጆይስቲክ ያስፈልጋል። ከውጭ አገር የሚመጣም ከሆነ በመሣሪያው ወይም በኃይል አከፋፋዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያሻል፤ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት የእኛ ደግሞ 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል የሚል ካልተጻፈበት ያለ ትራንስፎርመር የተሰካ ዕለት ይቃጠላል።

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ስንሰበስበው፥ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት አራት ነገር መጠየቅ ይገባል። አንደኛ፥ ከፊተኛው ምን ተነሣ? ሁለተኛ፥ የተነሣውን ነገር ከቤታችን ሰው የሚፈልገው አለን? ሦስተኛ፥ ከጨዋታው፥ ከጆይስቲኩና ከኢንተርኔቱ ጋራ የዓመቱ ወጪ ስንት ይሆናል? አራተኛ፥ ፊተኛው መሣሪያ በቤት አለን? ፊተኛው በደኅና የሚሠራ ከሆነ ቀጭኑን መግዛት አያስፈልግም፤ ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 3 ያጫውት የነበረው ያንኑ ጨዋታ በዚያው ፍጥነት ነበርና፥ መልኩ እንጂ ጨዋታው አዲስ አልነበረም። በቤት መሣሪያ ከሌለ፥ የተቀነሰውም ሙቀትና ክብደት ብቻ ከሆነ፥ ዲስክም የሚቀበል ከሆነ፥ የዓመቱም ወጪ የቤቱን አስቤዛና የትምህርት ክፍያ የማይነካ ከሆነ፥ የታደሰውን መግዛት ብልኅነት ነው ብለን እንመክራለን። የዲስኩ አፍ የተነሣበትን ግን አስተማማኝ ኢንተርኔት የሌለው ቤት ዋጋው በመርከሱ ብቻ ተደስቶ ባይገዛው ይሻላል።

በመጨረሻም ሒሳቡን ከልጁ ተሰውሮ ማስላት አይገባም። አባትና እናት ወረቀት ዘርግተው፥ የመሣሪያውን ዋጋ በአንድ በኩል የዓመቱን ወጪ በሌላው በኩል ጽፈው፥ ልጁን አስቀምጠው ቢያሳዩት፥ ከማንኛውም ጨዋታ የበለጠ ትምህርት ያገኝበታል። ዘንድሮ የማይገዛ ከሆነም «ነገ» እያሉ ከማባበል ይልቅ፥ «ዘንድሮ አንችልም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብለው እውነቱን ይንገሩት። ልጅ የተከለከለውን ዕቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ይረሳዋል፤ የወላጁን ቃል መታመንና አለመታመን ግን አድጎም አይረሳውም።