ዕቁቡን እናሳጥረው እንጂ አናፍርሰው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በሰፈራችን እናቶች ዘንድ አንድ ወሬ በዝቷል፤ «ዕቁቡን ልተወው ነው» የሚል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ዘይቱም ሳሙናውም ተከትሎት ወጣ። ደመወዝ ወደ ኋላ ቀረ። አስቤዛው ሲጠብብን መጀመሪያ የምንቆርጠው ዕቁብን ሆነ።

የዕቁብ ጸሐፊ ነኝ፤ ይህን ውሳኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ተደራርበው ሲመጡ ያለ ወለድ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚያስጨብጠን ሌላ ምን አለ? ባንክ መያዣ ይጠይቃል። ጤፍ በኩንታል መግዣ ያጣች እናት ደግሞ ከሱቅ በኪሎ እየገዛች የበለጠ ትከፍላለች።

ረጅም ዕቁብ ግን ዛሬ ፍትሐዊ አይደለም። 48 ሰው በሳምንት 500 ብር ሲጥል ባለ ዕጣዋ 24,000 ብር ታገኛለች። ዕጣው በመጨረሻው ሳምንት የሚወጣላት እህትም ያንኑ 24,000 ትቀበላለች፤ ገበያ ስትወጣ ግን የመጀመሪያዋ የገዛችውን ያህል አትገዛም። በዝምታ የምትከስረው እሷ ናት፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በ12 በ12 ሰው እንከፈል። ዕጣው 6,000 ብር ይሆናል፤ ያንሳል፣ ግን በ12 ሳምንት ሁሉም ይደርሰዋል። ዙሩ ሲያጥር ዋስ ማግኘትም ይቀላል። የታመመባት ወይም ልጅ የምታስመዘግብ ካለች ያለ ዕጣ ትቅደም። ሳምንታዊው 500 ብር የከበዳትም 250 ከምትጥል ጎረቤቷ ጋር በአንድ ስም ትግባ፤ የዕቁባችን ዳኛ ይህን ከፈቀዱ እኔ ለመመዝገብ ዝግጁ ነኝ።