ዝርዝር የሌለው መጽሐፍ በኪሎ ይሸጣል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛውን ግን አንድ አንባቢ የሞተበት ቤት ሄዶ መፈተን ይቻላል።

አርባው ከወጣ በኋላ ልጆቹ መደርደሪያውን ይከፍታሉ። የሚያዩት አሮጌ ወረቀት ነው። የትኛው የመጀመሪያ እትም እንደሆነ፣ የትኛው ከገበያ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት እንዳለፈው፣ የትኛው የጎረቤት አደራ እንደሆነ የሚነግራቸው የለም። የሚያውቀው ተቀብሯል። አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴው መጥቶ ሽፋናቸው ያማረውን በጅምላ ይወስዳል፤ የቀረው ለቆራሌው ነው። ከዚያ የኦቾሎኒ መጠቅለያ ይሆናል። በመጽሐፍ ያለው አልተወረሰም፤ በኪሎ ተሸጠ።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰበስብ ኖሮ አንድ ደብተር ላይ የመጻሕፍቱን ስም ያልጻፈው አንባቢ ነው።

እንበል ሴቻ ላይ አንድ መምህር አለ። አባያንና ጫሞን ቁልቁል ከሚያሳየው ከፍታ ላይ በተከራየው ቤት ሦስት መቶ ያህል መጻሕፍት አሉት። ከነዚህ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሙሉ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ የተቀዳደዱ የእንግሊዝኛ ኪስ መጻሕፍት፣ አንዳንድ ትርጉሞች፣ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»። እንደ ብዙው የክልል ከተማ በአካባቢው ያለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በብዛት የሚሸጠው የተማሪ አጋዥ መጽሐፍ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት የተጀመረ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም በቅድሚያ የሚያገለግለው ትምህርቱን ነው። ስለዚህ አርባ ምንጭ ውስጥ ስለ መጪው ዘመንና ስለ ሌላ ፕላኔት የተጻፈ ልብ ወለድ የሚፈልግ ወጣት የሚያስፈልገው ያ መደርደሪያ ነው። ወጣቱ ሲቀላ፣ መጻሕፍቱ ሴቻ፤ በመካከላቸው ያለው ዳገት አንድ ነው። ግን አይተዋወቁም። ዝርዝር የለማ!

ይህ የድህነት ጉዳይ ነው የሚል ካለ የዓለምን ታሪክ ይመልከት። «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት አሜሪካ ውስጥ በ1926 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ነበር። አንባቢዎቹ በአድራሻው ተጻጻፉ፣ ተዋወቁ፣ ማኅበር መሠረቱ። ትልልቆቹ ቤተ መጻሕፍት እነዚያን መጽሔቶች እንደ ተራ ወረቀት ቆጥረው አብዛኞቹን አላስቀመጡም። ታዲያ ማን ሰነዳቸው? አንባቢው። ዶናልድ ዴይ የተባለ የኦሪገን ነዋሪ ከ1926 እስከ 1950 የወጡትን የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔቶች ይዘት ዘርዝሮ በ1952 አሳተመ። ሥራው ደመወዝ አልነበረውም፤ ፍቅር ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ያለው ትልቁ የዘርፉ የመረጃ ቋትም ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። ያ ሥነ ጽሑፍ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጠናው ዝርዝሩን ሠርተው በቆዩት አንባቢዎች ትከሻ ላይ ቆሞ ነው።

እኛ ዘንድስ ዝርዝር ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም? በደንብ ይታወቃል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት ለንደን ሲደርሱ ዊልያም ራይት የተባለ ምሁር አንድ በአንድ መዝግቦ በ1877 እ.ኤ.አ. ካታሎግ አወጣ። ዘራፊው እንኳ የያዘውን ቆጥሯል። ዛሬ «መልሱልን» ሲባል በስምና በቁጥር መጥራት የሚቻለው በዚያ ካታሎግ ነው። በአንጻሩ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ቆስለው ከተሰደዱ በኋላ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ሚኒሶታ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ ሺዎች የኢትዮጵያ ብራናዎችን ሲዘረዝሩ ኖሩ። ያ ድካም ባይኖር ፊልሙ በሣጥን የታሸገ ጥቅል ሆኖ ይቀር ነበር። ለብራናው ይህ ከተደረገ፣ ለታተመው ልብ ወለድ አንድ ደብተር መግዛት እንዴት ይከብዳል?

አንዳንዱ «የአማርኛ የሳይንስ ልብ ወለድ ስንት ቢሆን ነው የሚዘረዘረው?» ብሎ ይስቃል። መልሱ ቀላል ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ነው መዘርዘር ያለበት። ብዙ ያለው ጥቂት ቢጠፋበት አይጎዳም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ዴርቶጋዳ» ከጣና ገዳም እስከ ናሳ የሚዘረጋ ታሪክ ይዞ ሲወጣ ወጣቱ ከእጅ እጅ እየተቀባበለ አንብቦታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአንድ ስፔናዊ ዳይሬክተር ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው «ክራምብስ» የተባለ ፊልም በአማርኛ እየተናገረ የዓለም ፌስቲቫሎችን ዞረ። ፍላጎቱ አለ። የሌለው ከነዚህ በፊት ማን ምን ሞክሮ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ነው። መዝገብ በሌለበት ደግሞ እያንዳንዱ ደራሲ «የመጀመሪያው» ተብሎ ይመረቃል።

«ስለ ሰማይ መጻፍ የፈረንጅ ቅዠት ነው» የሚለውም ቆም ይበል። መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ቅዱስ መጽሐፍ እንጂ ልብ ወለድ አይደለም፤ ይህ ይከበር። ነገር ግን የነፋሳትን መዛግብትና የከዋክብትን በሮች የሚተርክ መጽሐፍ ለዘመናት ሲገለብጥ የኖረ ሕዝብ ወደ ላይ ማየት ከውጭ መጣብኝ ሊል አይችልም።

አሁን ወደ ሥራው። «ዝርዝሩን የውጭ አፕ ይሠራልኛል» የሚል አንባቢ ጉድሬድስ ላይ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ይፈልግ። ሥርዓቱ የተሠራው ለሌላ ሰው ነው። የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይገለብጠዋል፤ ይስማዕከ «ወርቁ» ሆኖ ይደረደራል። በ«ፀሐይ» የተጻፈውን በ«ጸሐይ» የፈለገ ላያገኘው ይችላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እንዲሁ። የኅትመት ዓመቱ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ሳይለይ ሲገባ መጽሐፉ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይሳሳታል። ኢትዮጵያ 99944 የሚል የመጽሐፍ መለያ ቁጥር መነሻ ቢኖራትም ያለ ቁጥር የታተመው ብዙ ነው። ትርጉም መጽሐፍ ላይ ደግሞ የዋናው ርዕስ የማይጠቀስበት ጊዜ አለ፤ ያንኑ ልብ ወለድ ሁለት ተርጓሚ በሁለት ርዕስ ቢያወጣው ገዢው ሁለት ጊዜ ይገዛዋል። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው የካሊፎርኒያ ፕሮግራመር አይደለም። መጽሐፉን በእጁ የያዘ፣ ፊደሉን የሚያውቅ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ማተሚያ ቤቱን የሚያነብ ሰው ነው።

የሚያስፈልገውም ጥቂት ነው። ርዕስ በሽፋኑ እንደተጻፈ፤ የደራሲና የተርጓሚ ስም ከነአባት፤ ማተሚያ ቤት፤ ዓመት ከነ«ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.»፤ ስንተኛ እትም፤ የገጽ ብዛት፤ ከየት ተገዛ፤ አሁን ማን ዘንድ ነው። ደብተርም ይሁን የስልክ ሠንጠረዥ ይበቃል። ሦስት መቶ መጽሐፍ፣ በቀን አሥር ቢመዘገብ፣ አንድ ወር ነው።

እዚህ ላይ የቴሌግራም የፒዲኤፍ ነጋዴ ይነሣል። «ምን ያደክማል፣ ሁሉንም ስካን አድርገን ለቀነዋል» ይላል። የለቀቀው የሌላውን ላብ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት የሚጠብቅ ሕግ መሆኑ ይቅርና፣ ፋይሉ ራሱ ብዙ ጊዜ የኅትመት ገጹ የተቆረጠ፣ ስሙም በቁጥርና በቻናል ማስታወቂያ የተተካ ነው። አሥር ሺህ ፋይል ስልኩ ላይ ያለው ሰው አሥር ሺህ መጽሐፍ የለውም፤ የተሞላ ስልክ ነው ያለው። ዝርዝር ግን ደራሲውን አይዘርፍም። ያስተዋውቀዋል፣ ገዢ ያመጣለታል፣ ድጋሚ እትም እንደሚፈለግ ለአሳታሚው ያሳያል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለውም እኩል ያመልጣል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የታተመው ሁሉ እንዲደርሰውም ሕግ አለ። ይህ ይጠየቅ፣ ይጠናከር። ግን ሕግ ሴቻ ገብቶ የመምህሩን መደርደሪያ አይቆጥርም።

«አገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት እየተቃጠለ የሳይንስ ልብ ወለድ?» የሚለው ክርክር ይከብዳል፤ በክብር መመለስ አለበት። ጤፍ የሚገዛበት ሲያጣ መጽሐፉን የሸጠ ሰው አይወቀስም። ነገር ግን የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ብዙ መቶ ብር በደረሰበት ጊዜ፣ ጎረቤት ቤት ያለውን ማወቅ ቅንጦት አይደለም፤ ቁጠባ ነው። መጪውን ዘመን ማሰብም ዛሬን መሸሽ አይደለም። ነገ ከዛሬ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ የተወ ትውልድ ዛሬን ለመለወጥም አይነሣም።

ደግሞ ትርፉ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። «ያለኝ ይህ ነው፤ የጎደለኝ ይህ ነው» ብሎ አንድ ሰው ዝርዝሩን በአንባቢዎች ቡድን ሲለጥፍ ደሴ ያለው «ሁለተኛው ክፍል እኔ ጋ አለ» ይላል፤ ዋሽንግተን ያለችው ደግሞ ሽፋኑን ፎቶ አንሥታ ትልካለች። በብሔሩ ወይም በፓርቲው የጠየቀው የለም። ጋሞ ውስጥ ዱቡሻ የሚባል አደባባይ አለ፤ ሰው ተሰብስቦ ተራ ጠብቆ የሚናገርበት፣ የሚደማመጥበት። ቴሌግራም ላይ ጩኸት ሞልቷል፣ ዱቡሻ ግን ጥቂት ነው። ዝርዝር የያዙ አንባቢዎች አንድ ይሠራሉ።

የሚቀረው የቆየው ቀልድ ነው፤ «መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፣ የሚመልስ የባሰ ሞኝ»። ሰው ዝርዝሩን የሚደብቀው ተዋሹን ፈርቶ ነው። ግን ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው በተጻፈበት ደብተር ፊት ቀልዱ ኃይሉን ያጣል። እቁብ ያለ ስም ዝርዝር አይጣልም፤ የመጽሐፍ እቁብም እንዲሁ።

የሴቻው መምህር ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ቢከፍት አንድ ቀን ልጆቹ ፊት የሚቀርበው ክምር ወረቀት አይሆንም። ስም ያለው፣ ፈላጊ ያለው፣ ወዳጅ ያለው ንብረት ይሆናል። ያን ጊዜ ተረቱ ይሠራል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ካልሆነ ግን ቆራሌው በር ላይ እየጮኸ ነው፣ ሚዛኑም በእጁ ነው።