ከጉሮሮ ምርመራ በፊት ይነገረን

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር ሐሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የኮሮና በሽታ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ፣ ጥጥ በተጠመጠመበት ቀጭን ዘንግ ከጉሮሮና ከአፍንጫ ናሙና መውሰድ በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ሆኗል። በዚያ ወራት እዚሁ መተማ አንድ የቀን ሠራተኛ ናሙና ከሰጠ በኋላ ምራቁን ቢተፋ ደም አየበትና «ጉሮሮዬን ወጉኝ!» ብሎ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። ከኋላው ከተሰለፉትም አንዳንዶቹ ሳይመረመሩ ወደ ሰሊጡ እርሻ ሄዱ።

ጥፋቱ የዘንጉ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚያስረዳ ሰው መታጣቱ ነው። የጉሮሮ የውስጥ ሽፋን ስስ ነው፤ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ሞልተውበታል። በተለይ ጉሮሮው የታመመ ወይም የደረቀ እንደ ሆነ፣ ጥቂት ሲነካ ሊደማ ይችላል። እንዲህ ያለው ደም አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው በራሱ ይቆማል።

ደሙ አልቆም ካለ ግን ሊናቅ አይገባም። የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። በእኛ ቆላ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ከደጋ የሚወርደውን ወገናችንን የሚያጠቃው ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣል፤ ደምን የሚያረጉትንም ሕዋሳት ስለሚያሳንስ ነስርና የድድ መድማት ሊያመጣ ይችላል። ሳይጣራ ከተጠጣ የኩሬ ውሃ ጋር የገባ አልቅትም ጉሮሮን ያደማል። እንግዲህ ያቺ የደም ነጠብጣብ አንዳንዴ የተደበቀ በሽታ ትጠቁም ይሆናል።

ስለዚህ የጤና ባለሙያዎቻችን ዘንጉን ከማንሳታቸው በፊት «ነስር ያስቸግርዎታልን? የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብለው ይጠይቁ። ቀጥለውም «ጥቂት ደም ቢያዩ አይደንግጡ፤ ካልቆመ ግን ተመልሰው ይምጡ» ይበሉ። ይህ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል ስለ ገባ፣ ቃሉ በዐረብኛም ቢነገር መልካም ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ምርመራውን ሲፈራ ነው፤ ፍርሃቱን ማስወገድም የመርማሪው የሥራው ክፍል ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ አንባቢያችሁ
ከመተማ ዮሐንስ