በአንዲት ማስፈንጠሪያ ላይ የተንጠለጠለ እንጀራ፡ ያለ አሳታሚ የሚሠሩ የምሥራቅ አፍሪካ ሙዚቀኞች አድማጫቸውን እንዴት ያቆዩ?

ኢንስታግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ድምፃውያን ስለ ራሳቸው ከጻፏቸው ጥቂት መስመሮች ግርጌ አንዲት አጭር አድራሻ ትቀመጣለች። አብዛኛው ተመልካች ልብ ሳይላት ያልፋል። በሠላሳ ሰከንድ ቅንጭብ የተማረከ አድማጭ ግን ሙሉውን ዘፈን ወደሚያገኝበት፣ የኮንሰርት ትኬት ወደሚገዛበት ወይም ለሙዚቀኛው በቀጥታ ወደሚከፍልበት ቦታ የሚሻገረው በእርሷ በኩል ነው።

ትልቅ አሳታሚ ያለው ድምፃዊ ይህን መንገድ የሚያሰናዱለት ባለሙያዎች አሉት። ቀረጻውን፣ ስርጭቱንና ማስታወቂያውን በራሱ አቅም የሚወጣው ሙዚቀኛ ግን በሩንም ራሱ መሥራት ይኖርበታል። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ፣ ከካምፓላ እስከ ዳሬሰላም በዚህ መንገድ የሚሠሩ ሙዚቀኞች የሚገጥማቸው ጉዳይ ገጽን ከማሳመር ያለፈ ነው። አድማጩ የሙዚቀኛው ነው ወይስ የመድረኩ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሳል።

የአንድ መስመር ገደብ የፈጠረው ገበያ

ኢንስታግራም ለብዙ ዓመታት በአንድ ተጠቃሚ መገለጫ ላይ የሚፈቅደው አንድ ማስፈንጠሪያ ብቻ ነበር። አዲስ ዘፈን ሲወጣ የቀድሞው አድራሻ ይነሳል፤ ኮንሰርት ሲቃረብ ደግሞ የዘፈኑ አድራሻ ለትኬቱ ቦታ ይለቃል። በአውሮፓውያኑ 2016 በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ከሙዚቃና ከመዝናኛ ዘርፍ ጋር ይሠሩ የነበሩ ሦስት ሰዎች ይህን ችግር ለማቃለል ሊንክትሪ የተባለውን አገልግሎት ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አንዱ ማስፈንጠሪያ ወደ አንድ ገጽ ይወስዳል፣ ገጹ ደግሞ ሌሎቹን ሁሉ ይይዛል።

ኢንስታግራም በ2023 እስከ አምስት ማስፈንጠሪያዎችን ቢፈቅድም የእነዚህ ገጾች አስፈላጊነት አልቀረም። ገጹ ከአንድ መድረክ ጋር የተጣበቀ ስላልሆነ በቲክቶክም፣ በዩቲዩብም፣ በቴሌግራምም፣ በኮንሰርት ፖስተር ላይ በታተመ ኪውአር ኮድም ያው አንዱ አድራሻ ይሠራል። በየማኅበራዊ ሚዲያው የተበታተነ አድማጭ የሚሰበሰብበት ቦታ ያገኛል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ በርም ቢሆን በሌሎች ፈቃድ የሚከፈት ነው። በታኅሣሥ 2022 ትዊተር ተጠቃሚዎቹ ወደ ኢንስታግራምና ፌስቡክ ብቻ ሳይሆን ወደ ሊንክትሪ የሚወስዱ አድራሻዎችንም እንዳይለጥፉ አግዶ ነበር። ውሳኔው ተቃውሞ ገጥሞት ብዙም ሳይቆይ ቢነሳም የመድረኮቹን ሥልጣን በግልጽ አሳይቷል።

መድረክ ሲዘጋ

በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ ይህ ስጋት ከኩባንያዎች ውሳኔም ይሻገራል። ኡጋንዳ በጥር 2021 ምርጫ ሰሞን ፌስቡክን ዘግታ ከምርጫው በኋላም ለዓመታት ሳትከፍተው ቆይታለች። በኢትዮጵያ ከየካቲት 2023 አንስቶ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ለአምስት ወራት ገደማ ተገድበው ነበር። የሶማሊያ መንግሥት በነሐሴ 2023 ቲክቶክና ቴሌግራም እንዲታገዱ ትዕዛዝ ሰጥቷል። በሱዳን ደግሞ ጦርነቱ ሙዚቀኞችን ወደ ካይሮ፣ ወደ ናይሮቢና ወደ ካምፓላ በትኗል።

በእነዚህ ሁኔታዎች ውስጥ አንድ መቶ ሺህ ተከታዮች ያሉት ሙዚቀኛ በአንድ ሌሊት ማንንም ማግኘት የማይችል ሊሆን ይችላል። ተከታዮቹን በስም አያውቃቸውም፤ ስልካቸውም ሆነ ኢሜይላቸው የለውም። መድረኩ ሲዘጋ ዝምድናው አብሮ ይዘጋል።

ስለዚህ አንድ የማስፈንጠሪያ ገጽ ውጤታማ መሆኑ የሚለካው ስንት አዝራሮች በመያዙ አይደለም። መለኪያው በአጋጣሚ የመጣን ተመልካች ሙዚቀኛው ነገም ሊያገኘው ወደሚችል አድማጭ መለወጡ ነው።

ሦስት አድማጮች፣ አንድ ገጽ

የቀጣናውን ሙዚቀኛ ሥራ የሚያወሳስበው አድማጮቹ በአንድ ዓይነት ገበያ ውስጥ አለመኖራቸው ነው። አዲስ አበባ ያለው ወጣት ሙዚቃ በቴሌግራም ይለዋወጣል፣ በዩቲዩብ ይመለከታል፤ ለመክፈል ከፈለገም የሚቀርበው ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ነው። ናይሮቢ ያለው አድማጭ ከ2007 ጀምሮ ኤምፔሳን ለምዷል፤ ከስፖቲፋይ ጎን ለጎን እንደ ቡምፕሌይና ምዱንዶ ያሉ አገልግሎቶችን ይጠቀማል። ዋሽንግተን፣ ለንደን ወይም ቴል አቪቭ ያለው የዳያስፖራ አድማጭ ደግሞ የባንክ ካርድ አለው፤ ኮንሰርት ሲኖርም ትኬት የሚገዛው በኢንተርኔት ነው።

ለሦስቱም አንድ ዓይነት ዝርዝር ማቅረብ ሦስቱንም ማጣት ሊሆን ይችላል። ለአዲስ አበባው አድማጭ በካርድ ብቻ የሚከፈልበት አዝራር የተቆለፈ በር ነው። ለዋሽንግተኑ አድማጭ ደግሞ የቴሌብር ቁጥር እምብዛም ትርጉም የለውም። ጥሩ ገጽ ከላይ አንድ የጋራ ግብዣ፣ ለምሳሌ አዲሱን ዘፈን፣ ያስቀድማል፤ ከሥሩ ደግሞ ድጋፍ ወይም ግዢ «ኢትዮጵያ ላላችሁ»፣ «ኬንያ ላላችሁ» እና «በሌላ አገር ላላችሁ» ተብሎ በግልጽ ይለያል።

የክፍያው መልክዓ ምድርም በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ቴሌብር በ2021 ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በ2023 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በኬንያ ከ2018 ጀምሮ የፔይፓል ሒሳብን ከኤምፔሳ ጋር ማገናኘት ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ብዙዎች ለድጋፍ የግል ስልክ ቁጥራቸውን ገጹ ላይ ይጽፋሉ። ይህ በተለይ ሴት ድምፃውያንን ለትንኮሳ፣ ሁሉንም ደግሞ ለአጭበርባሪዎች ያጋልጣል። በኬንያ የቲል ቁጥር፣ በኢትዮጵያም የነጋዴ መለያ ቁጥር ማውጣት ገቢውን ከግል ሕይወት ለይቶ ለመያዝ ያስችላል።

ምን ይቅደም?

ልምድ የሌለው ሙዚቀኛ የሚፈተነው ያለውን ሁሉ በመደርደር ነው። ስምንት የሙዚቃ መተግበሪያዎች፣ አምስት ማኅበራዊ ሚዲያዎች፣ የቆዩ ቃለ ምልልሶች እና ካለፈ የከረመ የኮንሰርት ማስታወቂያ በአንድ ገጽ ይሰለፋሉ። ከኢንስታግራም የመጣውን ሰው መልሶ ወደ ኢንስታግራም የሚልክ አዝራር ማስቀመጥም የተለመደ ነው። ምርጫ የበዛበት ጎብኚ ምንም ሳይመርጥ ይወጣል።

የተሻለው አካሄድ ገጹን እንደ ወቅቱ መለወጥ ነው። ዘፈን በወጣበት ሳምንት ዘፈኑ ከላይ ይሆናል፤ ኮንሰርት ሲቃረብ ትኬቱ ቦታውን ይወስዳል፤ ሁለቱም በሌሉበት ጊዜ የአድማጮች መመዝገቢያው ይቀድማል። የአዝራሩ ጽሑፍም የኩባንያ ስም ብቻ ከሚሆን ጎብኚው ምን እንደሚያገኝ ቢናገር ይመረጣል። «ሙሉውን አልበም ያዳምጡ» የሚለው ከአንድ አርማ የበለጠ ይጋብዛል።

የሙዚቃ መተግበሪያዎችን ቁጥር መቀነስ የገንዘብ ትርጉምም አለው። ስፖቲፋይ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያሰላም። ለምሳሌ በዓመት 3,000 ጊዜ የሚደመጥ ዘፈን ያለው ጀማሪ አድማጩን በአምስት መተግበሪያዎች እኩል ቢበትን ስፖቲፋይ ላይ የሚቀረው 600 ነው፤ ከዚያ የሚያገኘው ክፍያም ባዶ ይሆናል።

የኢንተርኔት ዋጋም መዘንጋት የለበትም። በጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ሲከፈት በራሱ የሚጫወት ቪዲዮና የከበደ ፎቶ የያዘ ገጽ ወጪ ነው። ፎቶው ከ200 ኪሎባይት ባይበልጥ፣ ቪዲዮውም በጎብኚው ፈቃድ ብቻ ቢከፈት ገጹ በደካማ ኔትወርክም ይደርሳል። ሌላው የማይታይ እንቅፋት በኢንስታግራምና በቲክቶክ ውስጥ የሚከፈተው አሳሽ ነው። አድማጩ በስልኩ ላይ ስፖቲፋይ ቢኖረውም በዚህ አሳሽ ውስጥ እንደ አዲስ ግባ ሊባል ይችላል። ስለዚህ ሙዚቀኛው ገጹን በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ እና ከመተግበሪያው ውስጥ ሆኖ ራሱ ሊሞክረው ይገባል።

ስምህን እንዴት ትጽፈዋለህ?

በግዕዝ ፊደል ለሚጽፉ ሙዚቀኞች ተጨማሪ ፈተና አለ። «ፀሐይ» የሚለው ስም «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ወይም «ጸሀይ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ የኮምፒውተር ፍለጋ ግን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር ደግሞ ልዩነቱ ይበዛል። አንዱ ዘፈን በአንድ አጻጻፍ፣ ሌላው በሌላ ሲጫን ሥራዎቹ የሁለት ሰዎች ሆነው ይቀመጣሉ፤ የአድማጩ ቁጥርም ይከፈላል።

ገጹ እዚህ ላይ እንደ መታወቂያ ያገለግላል። አንድ የላቲን አጻጻፍ መርጦ በሁሉም መድረኮች ላይ በእርሱ መጽናት፣ ገጹ ላይ ደግሞ ስሙን በሁለቱም ፊደላት ማስፈር አድማጩ ትክክለኛውን ሰው ማግኘቱን ያረጋግጥለታል።

ሥራ ከባለቤቱ ተነጥሎ ሲጓዝ

ሙዚቃ ያለ ባለቤቱ አድራሻ ሲጓዝ ምን እንደሚከተል የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ያስተምራል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ውስጥ አንድ ካሴት ቀረጹ። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ ሥራው በ2013 ዳግም ታትሞ በዓለም ዙሪያ አድማጭ እስኪያገኝ ድረስ ሙዚቀኛው በዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ ነበር። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ተሻግሯል፤ አድማጩን ወደ ሙዚቀኛው የሚመልስ መንገድ ግን አልነበረም።

ዛሬ በቴሌግራም የሚዘዋወር የሙዚቃ ፋይልም ከዚያ ካሴት ብዙ አይለይም። በሺዎች ስልክ ላይ ይደርሳል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። ሙዚቀኛው ይህን ዝውውር ማስቆም ባይችል እንኳ የገጹን አድራሻ በሽፋኑ ምስል ላይና በፋይሉ መረጃ ውስጥ ቢያሰፍር የተቀዳው ፋይል ራሱ መንገድ ጠቋሚ ይሆንለታል።

የኪራይ ቤት እና የራስ ደጃፍ

ሙዚቀኞች የራሳቸውን በር ለመክፈት ሲሞክሩ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ2019 ኤልያስ መልካን፣ ኃይሌ ሩትስንና ጆኒ ራጋን ጨምሮ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ዘፈን የሚሸጡበት አውታር የተባለ መተግበሪያ አቋቁመው ነበር። መቀመጫውን ካምፓላ ያደረገው ኒዬጌ ኒዬጌ ቴፕስ ደግሞ የቀጣናውን ሙዚቃ በባንድካምፕ በኩል ለዓለም አድማጭ ይሸጣል። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ስለሚወስድ በብዙ ሙዚቀኞች ዘንድ ይወደዳል። ሆኖም በ2022 ለኤፒክ ጌምስ፣ በ2023 ደግሞ ለሶንግትራደር ተሽጦ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ተሰናብተዋል። የሚወደድ መድረክም ቢሆን የሌላ ሰው ንብረት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ነፃ አገልግሎትን መተው አይደለም። በዓመት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዶላር በሚገመት ዋጋ የራስን የድረ ገጽ አድራሻ ገዝቶ ለጊዜው ወደ ነፃው ገጽ እንዲያመራ ማድረግ ይቻላል። አገልግሎቱ ቢዘጋ ወይም ዋጋው ቢጨምር አድራሻው ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል፤ ፖስተሩ፣ ኪውአር ኮዱና የተበተነው ፋይል ግን መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ሙዚቀኛ ይህ ክፍያ ከዋጋው በላይ አስቸጋሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ውጭ አገር ያለ የሚታመን ዘመድ ሲከፍልለትም አድራሻው በሙዚቀኛው ስም መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛው ንብረት የአድማጮች ዝርዝር ነው። ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥር ፈቅደው የሰጡ ሦስት መቶ ሰዎች፣ መድረኩ ሲፈልግ ብቻ ከሚያሳያቸው ሠላሳ ሺህ ተከታዮች ይልቅ ለኮንሰርት አዳራሽ ሊቀርቡ ይችላሉ። ዝርዝር መያዝ ግን ኃላፊነትም አለው። ኬንያ በ2019፣ ኢትዮጵያ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል። ሙዚቀኛው ቁጥሩን ለምን እንደሚሰበስብ መናገር፣ ለሌላ አሳልፎ አለመስጠት እና መውጣት የሚፈልገውን ማሰናበት ይጠበቅበታል።

ገጹ የማይፈታው

አንድ ገጽ የቅጂ መብት ሮያሊቲ አይሰበስብም፤ በሬዲዮና በምሽት ክበብ ለተጫወተ ሙዚቃም አያስከፍልም። የተዘጋ ኢንተርኔት አይከፍትም፤ ደካማ ዘፈንንም ተወዳጅ አያደርግም። እነዚህ የሕግ፣ የተቋማትና የጥበቡ የራሱ ሥራዎች ናቸው።

ነገር ግን በአድማጭና በሙዚቀኛ መካከል ካሉት በርካታ እጆች አንዱን ያስወግዳል። ለረጅም ጊዜ የትኛው ሥራ በየት በኩል ለማን እንደሚደርስ ይወስኑ የነበሩት ሙዚቃ ቤቶችና አሳታሚዎች ነበሩ፤ ዛሬ ያን ሥልጣን በአብዛኛው የመድረኮች አልጎሪዝም ወርሶታል። ሙዚቀኛው ምን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚመዘገብና ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ራሱ የሚወስንበት ስፍራ ጠባብ ነው። ያቺ ከስሙ ሥር የተቀመጠች አጭር አድራሻ ከዚያ ስፍራ አንዷ በመሆኗ፣ ዘፈኑን ለማረም ከሚያጠፋው ሌሊት ጥቂት ሰዓት ይገባታል።