ሦስት ሳምንት ትንሽ ነው እንዴ?

"አጭር ሕክምና" ሲባል "ጎደሎ ነው ማለት ነው" ብለን እንጠረጥራለን አይደል? እስቲ ቁጥሩን እንየው።

ግሊዮብላስቶማ ለሚባለው ከባድ የአንጎል ካንሰር የተለመደው ጨረር 30 ጊዜ፣ በስድስት ሳምንት ይሰጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ግን 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ታማሚዎች 15 ጊዜ፣ በሦስት ሳምንት ሰጥቶ አወዳደረ። ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ፤ በሁለቱም ወገን ግማሾቹ ስድስት ወር እንኳ አልኖሩም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ዓይኔ ጊዜው ላይ ነው። ስድስት ወር ለማይሞላ ዕድሜ ሦስት ሳምንት ሀብት ነው። ለጨረር ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ለሚመጣ ቤተሰብ ደግሞ የአልጋ ኪራዩም ይቀንሳል፤ ማሽኑም ቶሎ ለቀጣዩ ወረፋ ይደርሳል።

ይህ ለወጣት ታማሚ አይደለም። ግን "ለእናቴ አጭሩ ይሆናታል ወይ?" ብሎ ሐኪም መጠየቅ ነውር የለውም።