ቆጠራው ካለቀ በኋላስ? የሊግኒን ዘረመሎችና የጤፍ አገዳ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዕፅዋት ሥነ ሕይወት የምርምር መጽሔቶች ላይ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ጥናቶች በርክተዋል። የአንድ ሰብል ጂኖም በኮምፒዩተር ይፈተሻል፤ የአንድ የዘረመል ቤተሰብ አባላት ይቆጠራሉ፤ የዘር ሐረጋቸው በሥዕል ይነደፋል፤ በመጨረሻም እነዚህ ዘረመሎች ሰብሉ ድርቅን እንዲቋቋም ሊረዱት ይችሉ ይሆናል ተብሎ ጽሑፉ ይዘጋል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ መንገዱ ማራኪ ነው፤ ኮምፒዩተርና የኢንተርኔት መስመር እንጂ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። እኛም ቆጠራውን አንጠላም። ቅር የሚያሰኘን ሥራው እዚያው ላይ መቆሙ ነው።

ሊግኒንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሊግኒን ከሴሉሎስ ጋር ሆኖ የዕፅዋትን የህዋስ ግድግዳ የሚያጠነክር ውሑድ ነው። ዛፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ውኃ ከሥር ወደ ላይ ሲሳብም ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ወደ ውስጥ የማይደረመሱት በእርሱ ብርታት ነው። ሥራው ፌኒልአላኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ይጀምራል። ፓል በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ኢንዛይም የመጀመሪያውን እርምጃ ያከናውናል፤ ሌሎች ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ ሦስት ዋና ዋና የሊግኒን ጡቦችን ይሠራሉ፤ ላኬዝና ፐርኦክሲዴዝ የተባሉት ደግሞ ጡቦቹ እርስ በርስ እንዲያያዙ ያደርጋሉ። አራቢዶፕሲስ በተባለችው ትንሽ የምርምር ተክል ውስጥ የፓል ዘረመሎች 4፣ የላኬዝ ዘረመሎች ደግሞ 17 ናቸው።

17 የሚለው ቁጥር ግን ብቻውን ምን ይነግረናል? እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ከላኬዝ ዘረመሎች 4ኛውና 17ኛው አብረው እንዳይሠሩ ሲደረጉ የተክሏ ሊግኒን ቀነሰ፤ ተክሏ ግን ማደጓን አላቆመችም። በ2013 ደግሞ 11ኛው ሲጨመርበት እድገቷ በእንጭጩ ተገታ። የአንዱን ጉድለት ሌላው ሲሸፍን የነበረ መሆኑ የታወቀው ዘረመሎቹን በመቁጠር ሳይሆን አንድ በአንድ በማሰናከል ነው። የፓልም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በ2010 አራቱም ዘረመሎች የተጓደሉባት አራቢዶፕሲስ ቀጨጨች፣ መከነች፣ በባክቴሪያም በቀላሉ ተጠቃች። ምክንያቱም ፓል በሚከፍተው መንገድ ሊግኒን ብቻ ሳይሆን ተክሉ በሽታንና ሌሎች ጫናዎችን የሚቋቋምባቸው ውሑዶችም ይሠራሉ። ስለዚህ አንድን ዘረመል «የሊግኒን» ወይም «የድርቅ» ብሎ መሰየም ብዙ ጊዜ ችኮላ ነው።

ማሽላም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ፣ በኬሚካል በተቀሰቀሰ ሚውቴሽን የቅጠላቸው መሃል ጅማት ቡናማ የሆነ የማሽላ ዓይነቶች መገኘታቸው ተዘገበ። ሊግኒናቸው አነስተኛ በመሆኑ ለከብት የሚፈጩ፣ የሚስማሙ መኖዎች ሆኑ፤ አንዳንዶቹ ግን ምርታቸው ቀነሰ፣ አገዳቸውም ለመውደቅ ተጋለጠ። ይሁንና ሊግኒን ሲያንስ በሽታ ይበረታል የሚለው ግምት ሁልጊዜ አልሠራም። በ2006 በታተመ ጥናት ከእነዚህ ማሽላዎች በተገኘ እህል ላይ የታየው የፉዛሪየም ሻጋታ ከተለመደው ማሽላ ያነሰ ነበር። ይህን ማንም በኮምፒዩተር ቆጥሮ አይደርስበትም።

ወደ ጤፍ ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የጤፍ አገዳ ቀጭን ነው፤ ፍሬው ሲከብድ፣ በተለይም የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሲበዛበት፣ ይጋሽባል። ገበሬው ግን ጭዱንም ይፈልገዋል፤ ለበሬው መኖ፣ ለቤቱም የጭቃ ምርጊት ነው። እንግዲህ አገዳው እንዲቆም ሊግኒን ብናበዛ ጭዱ ለበሬው ይከብዳል፤ ብንቀንስ ደግሞ ማሳው ይተኛል። የትኛው የቤተሰቡ አባል በየትኛው የአገዳ ክፍል፣ በየትኛው የእድገት ጊዜ እንደሚሠራ ካላወቅን በመሃል መንገድ ማግኘት አንችልም። ጤፍ ደግሞ ከሁለት የዘር ምንጮች የተዋሐዱ 40 ክሮሞዞሞች ስላሉት ብዙዎቹ ዘረመሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ፤ ሥራቸውን የመለየቱ ድካም የዚያኑ ያህል ይጨምራል።

የጤፍ ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ በ2020 ደግሞ እስከ ክሮሞዞም ደረጃ የተሟላ ሌላ ቅጂ ወጣ። ስለዚህ ለቆጠራ የሚሆን መረጃ አልጎደለም። ነገር ግን በ2015 ስለ እርሱ የተጻፈው፣ አጠር ብሎ መጋሸብን የሚቋቋመው «ከኘ» የተባለው የጤፍ መስመር የተገኘው ሚውቴሽን የተደረገባቸውን በርካታ ተክሎች በዓይን በማየትና በመለየት ነው። ተለውጦ የተገኘውም ዘረመል የህዋስን ውስጣዊ አጽም የሚሠራው የአልፋ ቱቡሊን ዘረመል እንጂ የሊግኒን አይደለም።

ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአገዳው በምላጭ በስሱ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ፍሎሮግሉሲኖልና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢንጠባጠብ ሊግኒን ያለበት ክፍል በተራ ማይክሮስኮፕ ቀልቶ ይታያል። መጠኑን በትክክል አይለካልንም፤ ቦታውን ግን ያሳየናል። የቆጠራ ሠንጠረዥ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ አማካሪዎቹ ከአንድ ማሳ የጋሸበውንና የቆመውን ጤፍ አገዳ ቆርጦ፣ ሁለቱን በዚህ መንገድ ጎን ለጎን መርምሮ እንዲመጣ ቢያዙት እንወድዳለን።